የክሊኒኩን ሶፍትዌር ከሒሳብ፣ ከላቦራቶሪና ከቴሌብር ጋር ማገናኘት፦ የቱ ይቅደም?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ አለን። ከካርድ ክፍል እስከ ፋርማሲ ሥራችን የሚካሄድበትን የክላውድ (መረጃው በኢንተርኔት ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ) ሶፍትዌር ከገዛን ዓመት አልፎናል። ለብቻው ሲታይ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሒሳብ ሠራተኛችን የቀኑን ገቢ ማታ ማታ እንደገና ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ይጽፋል፤ ላቦራቶሪው ውጤቱን ከማሽኑ እያነበበ በእጅ ያስገባል፤ የቴሌብር ክፍያ የሚረጋገጠው የታካሚውን ስልክ በማየት ነው፤ አሠሪያቸው የሚከፍልላቸው የድርጅት ታካሚዎች ሒሳብ በኤክሴል ይያዛል፤ ለጤና ቢሮ የሚሄደው ወርሃዊ ሪፖርት ከመዝገብ ይቆጠራል። አቅራቢው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አገናኛለሁ ብሎ ከበድ ያለ ዋጋ ጠይቆናል። እንቀበል ወይስ እንተው? ከየትስ እንጀምር?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን ላስቀድም፦ ጥቅሉን አይቀበሉ። ላቦራቶሪውን ያስቀድሙ፣ ሒሳቡን ያስከትሉ፣ ቴሌብር ሦስተኛ ይሁን። የጤና ቢሮው ሪፖርት በከፊል ብቻ ይሠራለት። የድርጅት ታካሚዎች ሒሳብ ግንኙነት የሚባል ነገር አያስፈልገውም፤ ከኤክሴል አውጥታችሁ እዚያው ሶፍትዌሩ ውስጥ ጨርሱት። አምስቱ ሥራዎች በአንድ ውል ቢጠቃለሉም በባሕርያቸው አይመሳሰሉም። አንዱ ሲበላሽ የሚጎዳው ሰው ነው፣ ሌላው ሲበላሽ የሚጎዳው ሒሳብ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ቢበላሽም ከዛሬው የከፋ አይሆንም። በአንድ ቀን የተጀመሩ አምስት ግንኙነቶች ሲሳሳቱ ስህተቱ ከየትኛው እንደመጣ የሚለይ ሰው አይገኝም።

ከሁሉም በፊት ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ፤ እሱ ካልተሠራ የቀረውን አልመክርም። ሁለት ፕሮግራሞችን ማነጋገር ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ሲናገሩ የማን ቃል ይጽና የሚለው ነው። የአንድ የደም ምርመራ ዋጋ ዛሬ እናንተ ዘንድ ስንት ቦታ ተጽፏል? ሶፍትዌሩ ላይ አለ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ላይ አለ፣ ፒችትሪ ላይ አለ፣ ከድርጅቶች ጋር በተፈራረማችሁት ውል ላይ አለ። የገንዘብ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ዝርዝርም ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ዋጋ ሲሻሻል የቱ ቀድሞ ይለወጣል? ማን ይለውጠዋል? ዛሬ ይህ ልዩነት ሳይታይ የሚያልፈው በመካከል ሰው ስላለ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛው ሲጽፍ ያየዋል፣ ይጠይቃል፣ ያስተካክላል። ግንኙነቱ ሲሠራ ያ ሰው ከመካከል ይወጣል፤ ልዩነቱም ሳይጠየቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ስለዚህ የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ፣ ገንዘብ ተቀባይዋን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውን፣ ፋርማሲስቱንና ሒሳብ ሠራተኛውን አንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡ። ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት አንድ ባለቤት ይወስኑና በወረቀት ያስፍሩት። የታካሚው ስምና የካርድ ቁጥር ባለቤቱ የክሊኒኩ ሶፍትዌር ነው። የአገልግሎት ዋጋም እዚያው ይሁን። የላቦራቶሪ ውጤት ባለቤቱ ውጤቱን ያጸደቀው ባለሙያ ነው። የመድኃኒት ክምችት ባለቤቱ ፋርማሲው ነው። የሒሳብ መደቦች፣ የባንክ ቀሪና ግብር የፒችትሪ ናቸው። ባለቤት ያልሆነው ወገን መረጃውን ይቀበላል እንጂ አይለውጠውም፤ ስህተት ካየ ለባለቤቱ ይነግራል፣ ባለቤቱ አርሞ እንደገና ይልካል። አቅራቢዎች «በሁለቱም አቅጣጫ ይዘምናል» ሲሉ እንደ ትልቅ ብልጫ ያቀርቡታል። ለናንተ ዓይነት ክሊኒክ ግን አንድ አቅጣጫ ይበቃል፤ በሁለት በኩል የሚጻፍ ዋጋ ወይም ስም ዋል አደር ሲል ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የማይታወቅ ይሆናል። ይህን ስብሰባ ያለ ሒሳብ ሠራተኛው አያድርጉት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው፤ ሥራው የተቋረጠ ቀን መጀመሪያ የሚጠራውም እሱ ነው።

ሌላው ቅድመ ዝግጅት የታካሚ ስም ነው። ይህ በየትም ከተማ ችግር ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ይከብዳል። በአንድ ቀን ውስጥ ከዚራ ሰፈር ተወልዶ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ከሽንሌ በኩል የመጣ ሶማሊኛ ተናጋሪና ከሐረር የመጣ ሰው ካርድ ያወጣሉ። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሃመድ፣ መሀመድ፤ ፋጡማ፣ ፋጢማ፣ ፈጡማ፤ ሁሉም እንደ ጻፊው ይለያያሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ሶፍትዌሩ ሲፈልግ እነዚህን እንደ አንድ ካልቆጠራቸው ካርድ ክፍሉ «የለም» ብሎ አዲስ ካርድ ያወጣል፤ ሰውየው ሁለት ታሪክ ይኖረዋል። ለአቅራቢው ይህን ፈተና ይስጡት፦ በ«ሐ» የተመዘገበ ስም በ«ሀ» ሲፈለግ ይውጣ። ካልወጣ ከየትኛውም ግንኙነት በፊት ይህ ይስተካከል።

በውጭ አገር የተሠሩ ሶፍትዌሮች ሌላም ጣጣ ያመጣሉ። የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ስለሚያስቡ የሰውየውን ስም ጥለው የአያቱን ብቻ ደረሰኝ ላይ ያትማሉ። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው «ዕድሜዬ ወደ ሠላሳ ነው» ሲል ፕሮግራሙ የፈረንጆቹን ጥር 1 ቀን ይሰጠዋል። ዕድሜው የተገመተ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት መኖር አለበት፤ አለበለዚያ በዕድሜ የሚለያይ የላቦራቶሪ መደበኛ መጠን ሲሰላ ግምቱ እንደ እውነት ይወሰዳል። ሥርዓቶቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ቁልፍ የካርድ ቁጥሩ ብቻ ይሁን፤ ስም አይሁን፣ ስልክም አይሁን። አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚያገለግልበት ቤት ብዙ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ያለው ታካሚ 12 አኃዙን ቢሰጥ ደጋፊ መለያ ይሆናል፤ ሕክምና ለማግኘት ግን ቅድመ ሁኔታ እንዳይሆን።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው።

ለምን እንዳስቀደምኩት ልንገርዎ። ደንጌ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ከተከሰተ ወዲህ ከተማችን በዚህ በሽታ ደጋግማ ተፈትናለች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ የወባ ወረርሽኝ አምጥታለች። ትኩሳት ያለበት ሰው በበዛበት ሰሞን የላቦራቶሪው በር ላይ ሰልፍ ይሠራል፤ ሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን የፕሌትሌቶች ቁጥር ነው። ማሽኑ ቁጥሩን በሺህ አሳጥሮ ያሳያል፦ 150 ማለት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 150,000 ነው፤ 15 ማለት 15,000 ነው። የመጀመሪያው በመደበኛው ክልል ወሰን ላይ ያለ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለበት ሰው ነው። በመካከላቸው ያለው አንዲት ዜሮ ናት፤ ያቺን ዜሮ ዛሬ የሚጽፋት ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የዋለ ባለሙያ ነው። በእጅ መጻፍን ማስቀረት መጀመሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ሒሳብ ቢሳሳት ይታረማል።

የደም ሴል ቆጣሪውና የኬሚስትሪ ማሽኑ ከጀርባቸው የኔትወርክ ወይም አርኤስ-232 የሚባለው የቆየው ዓይነት የገመድ መሰኪያ ይኖራቸዋል። የሚናገሩት ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ የኤችኤል7 ሁለተኛ ትውልድ ወይም ኤኤስቲኤም የተባለው መስፈርት ነው። ኤችኤል7ን የሚያወጣው ድርጅት የተቋቋመው በፈረንጆች 1987 ነው፤ መልእክቱ በቋሚ መስመሮች የተከፋፈለ ተራ ጽሑፍ ነው። አቅራቢው ምናልባት ስለ ፋየር አንሥቶላችሁ ይሆናል። ፋየር የዚሁ ድርጅት አዲሱ መስፈርት ነው፣ ጥሩም ነው፣ ሶፍትዌር ከሶፍትዌር ጋር ሲነጋገር ይመረጣል። ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ማሽን ግን ፋየር የማይናገር መሆኑ እሙን ነው ለማለት እደፍራለሁ። ስለዚህ ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ከማሽኑ ተቀብሎ፣ ተርጉሞ፣ ወደ ክላውዱ የሚልክ። ማሽኑን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አታገናኙት። መስመር ሲቋረጥ ውጤቱን ይዞ የሚቆየውም ይኸው ኮምፒውተር ነው። ማሽኑን ከሸጠላችሁ ድርጅት የግንኙነት መመሪያውን አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያለ እሱ መመሪያ የሚሰጥ ዋጋ ሁሉ ግምት ነው።

ናሙናው ላይ የሚለጠፈው ባርኮድ የትዕዛዙን ቁጥር ይያዝ። ባለሙያው ማሽኑ ላይ የታካሚ ስም በእጅ የሚጽፍ ከሆነ ግንኙነቱ ግማሽ ጥቅሙን አጥቷል፤ የአንዱ ውጤት ወደ ሌላው ካርድ የሚሄደው በዚያች ቀዳዳ ነው። ውጤቱ ከማሽኑ እንደወጣም ለሐኪሙ አይታይ፤ ባለሙያው አይቶ ያጽድቀው።

የመለኪያ አሃድ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ደም ውስጥ ያለ ስኳር በአንድ ማሽን 100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይባላል፤ በሌላ ማሽን ያው መጠን 5.6 ሚሊ ሞል በሊትር ነው። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን በአንዱ 1 ሲሆን በሌላው 88 ገደማ ነው። ማሽን ሲበላሽ ከሌላ ቦታ ተውሶ ወይም አዲስ ገዝቶ መተካት የተለመደ ነው፤ አዲሱ ማሽን በሌላ መለኪያ ከተዘጋጀ ግንኙነቱ ቁጥሩን ያለ ጥያቄ ያስተላልፋል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከመለኪያው ጋር አብሮ መላክ አለበት፤ ሶፍትዌሩም የማይጠብቀው መለኪያ ሲመጣ አልቀበልም ማለት አለበት። ይህን በውሉ ላይ በግልጽ ያጽፉ፤ ከዚያም በተግባር ይፈትኑት። ማሽኑን ባለሙያው ሆን ብሎ በሌላ መለኪያ አዘጋጅቶ የሙከራ ናሙና ያሂድ፣ ምን እንደሚሆን አብራችሁ እዩ። የወባ ስሚርና የሰገራ ምርመራ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ስለሆኑ በእጅ ይግቡ፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር የሚመረጡ ይሁኑ እንጂ ምንም ግንኙነት አያሻቸውም።

ሒሳቡን በተመለከተ መጀመሪያ አንድ አለመግባባት ላንሣ። ፒችትሪ፣ በአዲሱ ስሙ ሴጅ 50፣ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ክላውድ ላይ ያለ ሶፍትዌር በኢንተርኔት እየደወለ የሚያስገባበት በር የለውም። «ቀጥታ እናገናኘዋለን» የሚል አቅራቢ ካለ በምን መንገድ እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዳ። የተለመደውና የሚሠራው መንገድ በሲኤስቪ (እንደ ሠንጠረዥ በተደረደረ ተራ የጽሑፍ) ፋይል የጠቅላላ ጆርናል ምዝገባ ማስገባት ነው። ሶፍትዌሩ በየቀኑ አንድ ፋይል ያዘጋጃል፤ ሒሳብ ሠራተኛው ከፍቶ ያየዋል፤ ከገንዘብ ተቀባይዋ ርክክብ ጋር ያስተያየዋል፤ ያስገባዋል። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ብዙ ሰዎች ይህ «እውነተኛ ግንኙነት» አይደለም ብለው ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን ፒችትሪ ላይ እስካላችሁ ድረስ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም እላለሁ፤ ገንዘብ ወደ መዝገብ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው የሚያየው መሆኑ ጥንካሬው ነው።

ፋይሉ ውስጥ የሚገባው የቀኑ ድምር ነው እንጂ የእያንዳንዱ ታካሚ ደረሰኝ አይደለም። በአንድ በኩል ገንዘቡ በመጣበት መንገድ ይከፈል፦ ጥሬ ገንዘብ፣ ቴሌብር፣ የባንክ ዝውውር፣ ከእያንዳንዱ ድርጅት የሚሰበሰብ ዱቤ። በሌላ በኩል በገቢ ዓይነት፦ ካርድ፣ ምርመራ፣ ላቦራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ መርፌና ቁስል ማሸግ፣ ፋርማሲ። ሁለቱ ወገኖች ካልተካከሉ ፋይሉ ጨርሶ አይውጣ። የታካሚ ስም ወደ ሒሳብ መዝገብ አይግባ። ሒሳብ ሠራተኛው፣ ኦዲተሩና የግብር ባለሙያው ማን ለምን እንደታከመ የማወቅ ሥራ የላቸውም፤ ዝርዝር ቢፈለግ በደረሰኝ ቁጥር ወደ ክሊኒኩ ሶፍትዌር ተመልሶ ይታያል። የጤና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። ፋርማሲያችሁ ቅባት፣ ሳሙናና መሰል መዋቢያ የሚሸጥ ከሆነ ግን እነዚያ 15 በመቶ የሚከፈልባቸው ስለሆኑ ከመጀመሪያው በሌላ መደብ ይለዩ። በኋላ መለየት እጅግ አድካሚ ነው።

የተሰረዘ ደረሰኝና ተመላሽ ገንዘብ የሚጠፋ መዝገብ አይሁን። ትናንት የተላከ ፋይል ዛሬ አይነካም፤ ተመላሹ በዛሬው ፋይል ተቃራኒ ምዝገባ ሆኖ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ያለፈ ቀን ሽያጭ ማረም የሚፈቅድ ከሆነ ፒችትሪና ክሊኒኩ በሁለተኛው ሳምንት ይለያያሉ፤ ለምን እንደተለያዩም አይታወቅም።

ቀኑ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። የክላውድ ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሲሆን የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል። የሌሊት ተረኛ ካላችሁ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተቆረጠ ደረሰኝ በሰርቨሩ አቆጣጠር የትናንት ይሆናል፤ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ላይ ግን የዛሬ ነው። ሁለቱ ሪፖርቶች በየቀኑ በጥቂት ብር ይለያያሉ፣ ጥፋተኛ ተደርጋ የምትጠየቀው ደግሞ ምንም ያላጠፋችው የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ትሆናለች። ሪፖርቱ በኢትዮጵያ ሰዓት እንዲሰላ ያስደርጉ፤ ቀኑ የሚዘጋበትን ሰዓትም ራሳችሁ ወስኑ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው፣ የፒችትሪ የሒሳብ ወራትም ከዚያ ተነሥተው ይከፈሉ። ጳጉሜን ብዙ ሒሳብ ሠራተኞች ከነሐሴ ጋር ያዋሕዷታል፤ ሶፍትዌሩ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን ላያውቅ ይችላል። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት፤ አቅራቢው የዚያን ዓመት ጳጉሜን 6 በቀን መቁጠሪያው ላይ ያሳያችሁ።

ቴሌብር ላይ ዋናው ነገር የታካሚውን ስልክ ማየት ማቆም ነው። የክፍያ መልእክት ምስል በቀላሉ ይቀናበራል፤ ገንዘብ ተቀባይዋንም ከታካሚ ጋር ያጋጫል። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ሒሳብ የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ የክፍያ ጥያቄ ይልካል፤ ክፍያው ሲፈጸም ማረጋገጫው በቀጥታ ወደ ሶፍትዌሩ ይመጣል። መስመር በመቆራረጡ ምክንያት አንድ ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ፕሮግራሙ በመለያ ቁጥሩ አውቆ ሁለተኛውን ችላ ማለት አለበት። ጨርሶ ሳይመጣም ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ማታ ላይ የቴሌብር የቀኑ ዝርዝርና የሶፍትዌሩ ዝርዝር ተነጻጽረው ልዩነቱ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ይውጣ። አንድ ነገር ግን በደንብ ይታወቅ፦ ማረጋገጫ አልመጣም ተብሎ ድንገተኛ ታካሚ በር ላይ አይቁም። «ክፍያው በመጣራት ላይ» የሚል ሁኔታ ሶፍትዌሩ ላይ ይኑር፣ ሕክምናው ይቀጥል።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ይህን ለአቅራቢው በቃል አትጠይቁት፤ የማሳያ ቀን ላይ የራውተሩን ገመድ ነቅላችሁ አሳዩኝ በሉት። ካርድ መውጣት ይቀጥላል? የታዘዘው ምርመራ ላቦራቶሪው ጋር ይታያል? መስመሩ ሲመለስ የተጠራቀመው በቅደም ተከተሉ ይገባል? ለራውተሩና ለላቦራቶሪው ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ)፣ ከዋናው መስመር ሌላ ደግሞ በሌላ ኦፕሬተር የሚሠራ የሞባይል ዳታ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ የድሬዳዋን ሙቀት ለእናንተ አልነግርም።

የድርጅት ታካሚዎችን ሒሳብ ከኤክሴል አውጡት ያልኩት ሶፍትዌሩ የዱቤ ደንበኛ መዝገብ ይኖረዋል ብዬ ስለምገምት ነው፤ ከሌለው ያ ነው መጠየቅ ያለበት። ድርጅቱ፣ የሠራተኛው መለያ፣ የፈቃድ ደብዳቤው ቁጥር፣ የዱቤው ጣሪያ ይመዝገቡ፤ በወር መጨረሻ ደረሰኝ ይታተም። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ለአሠሪው በሚላከው ዝርዝር ላይ የበሽታው ስምና የምርመራው ዓይነት አይጻፍ። አንድ ሠራተኛ የኤችአይቪ፣ የቲቢ ወይም የእርግዝና ምርመራ ማድረጉን የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል የሚያውቅበት ምክንያት የለም። «የላቦራቶሪ አገልግሎት» እና ዋጋው ይበቃል። ድርጅቱ ዝርዝር ካልመጣልኝ አልከፍልም ካለ ታካሚው በጽሑፍ የፈቀደው ብቻ ይሂድ። ብዙ ክሊኒኮች ይህን ሳያስቡት ሙሉውን ዝርዝር ያትማሉ፤ ሰው ሥራውን ሊያጣበት የሚችል ነገር ነው።

የጤና ቢሮው ሪፖርት ላይ ረጅም አልሄድም። ሪፖርቱ የሚገባበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት በእኛ አቆጣጠር የተዘጋጀ ሲሆን የሪፖርቱ ወር ካለፈው ወር 21 እስከ ያዝነው ወር 20 ነው። ሶፍትዌራችሁ ከ1 እስከ 30 የሚቆጥር ከሆነ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። የሚያስፈልጋችሁ በዚያ የቀን ክልል በበሽታ ዓይነት፣ በዕድሜና በጾታ ከፋፍሎ የሚያወጣ አንድ ገጽ ነው። ያንን ገጽ ኃላፊው አይቶ ፈርሞ ያስገባው። በቀጥታ እንዲላክ ለማድረግ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ክሊኒክ አያዋጣም። ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል የምትጽፉት ሪፈርም እንዲሁ፤ ሥርዓት ያለው አንድ የታተመ ገጽ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ ከነመለኪያው ተያይዞ፣ በታካሚው እጅ ይሂድ።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከሕግ ባለሙያ ጋር አንብቡት። የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ዓይነቶች አንዱ ነው፤ መረጃ ከአገር ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታም የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የታካሚዎቻችን መረጃ የት አገር ባለ ሰርቨር ላይ ነው የሚል ይሁን። አቅራቢው «ክላውድ ላይ ነው» ቢል መልስ አልሰጠም። ሁለተኛው፣ ነገ ብንለያይ መረጃችንን በምን መልክ፣ በስንት ቀን፣ በስንት ብር ትሰጡናላችሁ የሚለው ነው። ምስልና ፒዲኤፍ አይበቃም፤ ሌላ ሶፍትዌር ሊያነበው በሚችል መልክ መሆን አለበት። ይህን ቃል ብቻ አድርገው አይቀበሉት፤ አሁን፣ ገና ደንበኛ ሳላችሁ፣ አንድ ጊዜ ሙሉውን አስወጥታችሁ እዩት። ሦስተኛው የኤፒአይ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ከሶፍትዌሩ ጋር የሚነጋገሩበት በር፣ ሰነዱ ነው። ሌላ ባለሙያ ሊሠራበት የሚችል የተሟላ ሰነድ ካለ ለግንኙነቱ ከአንድ በላይ ሰው ዋጋ ይሰጣችኋል፤ ከሌለ ለዘለዓለም የአንድ አቅራቢ እጅ ላይ ናችሁ፣ የተጠየቃችሁት ከበድ ያለ ዋጋም ምንጩ ምናልባት ይኸው ነው። ሶፍትዌሩ ሲሻሻል ግንኙነቱ ቢቋረጥ ማን በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በማን ወጪ ይጠግነዋል የሚለውም በጽሑፍ ይግባ። የመግቢያ ቁልፎቹ በክሊኒኩ ስም ይሁኑ፤ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የተለየ ቁልፍ፣ የሚፈቀድለትም የሚያስፈልገው ብቻ። የላቦራቶሪው ኮምፒውተር የሽያጭ መረጃ የሚያነብበት ምክንያት የለም።

ክፍያውን በየሥራው ከፋፍሉት፤ ላቦራቶሪው ለብቻ ይዋዋላል፣ ለብቻ ይረከባል። ጊዜውንም ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ሒሳብ ሠራተኛው ዓመቱን የሚዘጋበት ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ትኩሳቱ የሚበዛበት፣ ላቦራቶሪው የሚጨናነቅበት ወቅት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። እስከዚያ አንድ ተራ ማክሰኞ ምረጡና የዚያን ቀን ገቢ ከሶፍትዌሩ፣ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው፣ ከፒችትሪና ከቴሌብር አውጥታችሁ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካልገጠሙ የልዩነቱን ምክንያት አንድ በአንድ ፈልጉ፤ የሚገኘው ምክንያት ሁሉ ለአቅራቢው የምትሰጡት የሥራ ዝርዝር አካል ይሆናል። ላቦራቶሪው ሲጀመር ውጤቱ ለሁለት ሳምንት በግንኙነቱም በእጅም ይግባ፤ ባለሙያው ማታ ማታ ሁለቱን ያስተያይ። በእነዚያ ቀናት አንድም ያልተብራራ ልዩነት ካልቀረ በእጅ መጻፉን አቁሙና ለሒሳቡ ሥራ ተዋዋሉ።